ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት

ኩዌት፣ ግንቦት ነው። ጦዝ ሰማዩን ሸፍኖ
ቀትሩ እንደ ምሽት ደብዝዞ፣ ቡኒ ሆኖ።
አራተኛው ፎቅ ላይ፣ የይግባኙ ክፍል፤
መጋረጃው ዝግ ነው፣ ማቀዝቀዣው ያጓራል።
ውሃ በፕላስቲክ፣ ሶፍት በካርቶን፣
ቀድመው አዘጋጅተው ለሚመጣው ሐዘን።

እኔ መሐል ነኝ። ወንበሬ ከሁለቱም እኩል ይርቃል።
አስተርጓሚ አይጨምርም፣ አይቀንስም ይላል ደንቡ፤
አያዝንም የሚለው አልተጻፈም፣ ግን ይታወቃል።
የምከፈለው በሰዓት ነው።
በየትኛው ሰዓት ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

ፊቴ ሉባባ ይመር፣ የሐይቅ ልጅ፣ ሠላሳ አንድ ዓመቷ፤
ጉልበቷ ላይ ፌስታል፣ ፌስታሉ ውስጥ ውድቅ ያሉት ወረቀቷ።
ገምጋሚዋ ትጠይቃለች፣ ብዕሯን እያሽከረከረች፦
«ስትደርሺ ለምን ጥገኝነት አልጠየቅሽም?»
«ኤርፖርት የጠበቀኝ የኤጀንሲው ሹፌር ነው፤
እሱን ልጠይቀው?» አለች።
ተረጎምኩ። ማንም አልሳቀም።

ከዚያ ደብዳቤው ተነበበ። ሦስተኛው ገጽ፣ ከታች፦
«አመልካቿ ወንድሟን ከቤት የወሰዱት
በምሽቱ ስምንት ሰዓት ነው ትላለች።
በዚያ ሰዓት ሱቅ ክፍት ነው፣ መንገዱም ሰው አያጣም።
ጎረቤት አላየም ማለቷ አያሳምንም።»

«ዛሬም ቃልሽ ያው ነው?»
«ያው ነው። ስምንት ሰዓት፣ ከሌሊቱ።
ዶሮ አልጮኸም፣ ጨረቃም ገብታ ነበር።
በሩን አላንኳኩም።
ወንድሜ አንድ ጫማ ብቻ አድርጎ ወጣ፤
ሌላው አልጋ ስር ቀረ።»

አፌን ከፈትኩ፣
ሊወጣ የነበረው ቁጥር ምላሴ ላይ ደረቀ።
ከሁለት ዓመት በፊት፣ እዚሁ፣ በታችኛው ፎቅ፣
የመጀመሪያ ቃሏን የተረጎምኩት እኔ ነበርኩ።
የዚያን ቀን ሦስተኛ ጉዳዬ ነበረች፤ ደክሞኝ፣
ስምንት ያለችውን ስምንት ብዬ አሳለፍኩ።

አሥራ አንድ ዓመት በሰው ኩሽና፣ በሰው ሰዓት
ቁርስ አቅርቤ፣ ልጅ ቀስቅሼ፣ ሸሚዝ ተኩሼ፣
የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ
ማየት ትቼ ነበር፣ እንኳን ለሌላ ለራሴ።

የእጄን ሰዓት አየሁት። ስምንትና ሁለት
ፊት ለፊት ናቸው፣ ጠርዝ ለጠርዝ።
የእኛ ስምንት የእነሱ ሁለት ነው፤
በመሐላቸው ሱቁ ይዘጋል፣ ውሻው ዝም ይላል፣ ጎረቤት ይተኛል።
እኔ ግን በአንዲት ቃል
መብራቱን መልሼ አበራሁ፣ ገበያውን ከፈትኩ፣
መንገዱን በሰው ሞላሁት፣
ምንም ባላየ ሰው።

ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋሁ። ደንቡ ይህን አያውቅም።
«አስተርጓሚዋ ትናገር» አልኩ፣
የሌላ ሴት ኃጢአት እንደምተረጉም።
«ስህተቱ የእሷ ነው። አመልካቿ አልዋሸችም።»

ብዕሩ መሽከርከር አቆመ። «ይመዝገብ» ተባለ።
«ለሐሙስ ይቀጠር። ሌላ አስተርጓሚ ይፈለግ።»
ለእኔ የተባለ ነገር የለም፤
ወይም ያ ነበር የተባለው።

ሉባባ ዞረች፦ «ምን አልሻቸው?»
ክፍሉ ውስጥ ከእኔ በቀር አማርኛ የሚያውቅ የለም።
እናም ነገርኳት፣ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ፣
ዓይኗን ግን ማየት አልቻልኩም።
«ሁለት ዓመት» አለች።
ፌስታሏን ቋጠረች፣ ፈታች፣ መልሳ ቋጠረች።

አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ሻርፗን አፏ ላይ ጠቅልላ
ቆማለች፣ ከእኔ ራቅ ብላ።
ጦዙ የመንገዱን ማዶ ውጦታል።
የማዳሟ ልጆች ከትምህርት ቤት ሳይመለሱ መድረስ አለባት።
«ስንት ሰዓት ሆነ?» አለች፣ ሳታየኝ።
«ሰባት» አልኩ፤
ትንሽ ቆይቼም፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣
«በእነሱ አንድ።»