የሰሙ ጀርባ

ብራናው ይናገራል፣ ቀለሙ አልደበዘዘ፣
ቄስ ኤንገልሃርድ ጽፎት፣ ጣቱ በብርድ እየደነዘዘ፦
«ሁለት የውሃ ወፍጮ፣ የጨው ጉድጓድም አንድ፣
ዘጠና አሳማዎች፣ የባሉጥ ጫካው እስከ ዛሌ ወንዝ መንገድ፣
ስድስት መንደር ከነገባሩ፣
ደግሞም ሴት ልጅ» ብሎ፣ እዚያ ላይ ነጥብ ጣለ፤
ለአሳማው ቁጥር አለው፤ ለልጅቷ ስም የለ።

ያቺ «ሴት ልጅ» እናቴ ናት፤ ሪክሊንድ፣ የቮልፍራድ ልጅ፤
በአሥራ ሦስት ዓመቷ፣ ተሰጠች ለአባቷ ወዳጅ።
በበሬ ሠረገላ፣ ጉያዋ ድመት ይዛ፣
የቤታቸውን ጭስ አየችው፣ ሲርቃት እንደ ዋዛ።
ኤክበርት ደጅ ቆሟል፣ ሁለት ሚስት የቀበረ፣
ጢሙ ላይ የሾርባ ቅሪት፣ በውርጩ የጠጠረ፤
«የድመቷስ ስም ማነው?» አላት።
ትዳሩ እንዲህ ተጀመረ።

ሰባት ወለደች። አራቱን አፈር በላ፤
ሁለቱን በፈንጣጣ፣ አንዱን በወፍጮው ቦይ፣
አንዱን ስም ሳይወጣለት፣ በማለዳ እንደ ጥላ።
ጌርበርጋን ለቦሄሚያ ዳሯት፤ ወሬዋ በዓመት አንዴ ይመጣል፣
ከማር ነጋዴ አፍ፤ ግማሹ መንገድ ላይ ይቀልጣል።
እኔ ኦዳ የስለት ልጅ ነኝ፤ በስምንት ዓመቴ ተሰጠሁ፤
በገዳሙ ደጃፍ፣ ቀሚሷን ጨብጬ እንቢ አልሁ፤
ጣቶቼን ፈለቀቀቻቸው፣ አንድ በአንድ እየቆጠረች፤
«አምስት» ስትል ዞረች፤
መለስ ብላ ሳታይ ሄደች።

ዲትማር ከጦር ቀረ፣ ከአልፕስ ተራራ ማዶ፤
የግራ ጓንቱ መጣ፣ ደርቆ እንደ በረዶ።
ክረምት በገባ ቁጥር፣ ታጠልቀዋለች በእጇ፤
ቀኝ እጇን ብርድ ይብላው፤ በግራዋ ይሞቃል ልጇ።

አባቴ ማዕድ ላይ ወደቀ፣ የያዘው ዋንጫ ሳይፈስ፤
ወንድሙ ዊግማን ደረሰ፣ ቁልፍና ማኅተም ሊወርስ።
«ወራሹ ሞቷል» አላት።
«የሞተው ግራ እጁ ነው፤
ቀኙ እስኪመጣ ድረስ፣ ማኅተሙ የኔ ነው።»

አሥራ አንድ ዓመት ገዛች። ረሃብ ሲገባ ጎተራ ከፈተች፤
ከጳጳሱ ጋር በጨው ጉድጓዱ ስድስት ጊዜ ተሟገተች፤
አምስቱን ተረታች።

በጾም ሰሞን ሞተች። የሙታንን መዝገብ የምጽፍ እኔ ነኝ፤
እመምኔቷ «የኤክበርት ሚስት ብለሽ ጻፊ» ስትል አዘዘችኝ።
ብዕሬ እንቢ አለ። የውሎቹን ሣጥን ከፍቼ ዘረጋሁ፤
ሰሙን ከፊት አየሁ፦ ፈረሰኛ፣ ጋሻ፤ የአባቴን ስም አነበብሁ።
ስሙ ሰሙን ሞልቶታል።
ገለበጥኩት።
ከጀርባው፣ አውራ ጣት፤
ሰሙ ሳይበርድ የተጫነች፣ ድሮ ቢላ የቆረጣት፣
ጠባሳዋ ሳይቀር፤ በየውሉ፣ በየዓመቱ።
ወርቁ በጀርባ ነው ያለው፤ ሰም ብቻ ነበረ ፊቱ።

አውራ ጣቴን አገባሁበት፤ ጥቂት ይሰፋኛል።
«ሪክሊንድ» ብዬ ጻፍኩ፣ ለቅዱሳን ብቻ በተፈቀደው ቀይ፤
ሦስት ዓርብ በውሃ ያስጾማል፤ ይሁን፤ ይታይ።
የድመቷን ስም ግን
ሳልጠይቃት ቀረሁ፤ አሁን ማን ይነግረኛል?