ቁልፍ ቁጥር ሁለት

ከብሬመን መጣች፣ በዝናብ፣ በመርከብ፣
በአሥራ አንድ ዓመቷም ታይታ የማትጠገብ።
ስምንት ሲሊንደር፣ አምስት መቶ ፈረስ፣
ወንበሯ ከቆዳ፣ እንደ ጓንት የሚለሰልስ፤
ዋጋዋ ግን ከላይ ወርዶ፣ ወርዶ፣ ወርዶ
ዳቦ ጋጋሪ ኪስ ደረሰ ተዋርዶ።

ስካይድሪቴ ወጣች ካፖርቷን ደርባ፣
ዞረቻት፣ ዞረቻት፣ ሳትነካ፣ ሳትገባ።
«የሰው ወርቅ አያደምቅ፣» አለችኝ ቆይታ፣
«የጣራውስ ነገር እንዴት ነው፣ ጌታ?»

ሥራዬ ሌሊት ነው፣ ከዘጠኝ ሰዓት፣
ከቤት እስከ ምድጃው አራት ደቂቃ ናት።
ለአራት ደቂቃ መንገድ አምስት መቶ ፈረስ!
ዘይቷ ሳይሞቅላት በሩ ላይ መድረስ።
የፍጥነት ሰሌዳው ሦስት መቶ ይላል፣
መርፌው ሠላሳ ላይ ጋደም ብሎ ውሏል።
ጠዋት ስመለስም የሊየፓያ ትራም
ደወሏን ደውላ አለፈችኝ በሰላም።

መጠጣቷንስ ተዉት። የማደያዋ ልጅ
በስም ነው የምትጠራኝ፣ ሆነናል ወዳጅ።
መካኒኩ ኢማንትስ ኮፈኗን ከፍቶ
ያፏጫል በቀስታ አንገቱን አስገብቶ።
እሱ ባፏጨ ቁጥር የእኔ ኪስ ይቀልላል፤
«ይህ ቧንቧ ሞቷል» ይላል፣ «ይኼ ያንጠባጥባል፣
ይህ ግን...» ይልና ራሱን ይነቀንቃል።
ጎረቤቴ ታሊስ በመስኮት ያየኛል፣
«ሎተሪ ደርሶት ነው» ብሎ ያማኛል።
ሎተሪስ አልደረሰኝ። የደረሰኝ ቦሎ፣
ኢንሹራንስ፣ ካንዴላ፣ ጎማ፣ ተከታትሎ።

አንድ እሑድ ግን በግሮቢኛ መውጫ
መንገዱ ቢደርቅልኝ ረገጥኩ ነዳጅ መስጫ።
ሆዴ ኋላ ቀረ። ጥዱ ከጥድ ተሰፋ።
ሃምሳ አራት ዓመቴ በሳቅ ወጥቶ ጠፋ።
ለሰባት ሰከንድ ነው። ከዚያ ፍሬን ያዝኩ፣
ለሰው አላወራሁ፣ ከስካይድሪቴም ደበቅኩ።

ይህ ሁሉ መግቢያ ነው። ወሬው ግን ሌላ ነው።
በሯ ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ ሁለት ቁልፍ ነው ያለው፣
«አንድ» እና «ሁለት» የሚል። «አንድ» እኔን ያውቃል፣
ስጫነው ወንበሩን፣ መሪውን ያርቃል።
አንድ ሌሊት በብርድ፣ ጓንቴን ሳላወልቅ፣
ሁለትን ነካሁ መሰል፤ ወንበሩ፣ ሳይጨናነቅ፣
ወደ ፊት ገፋኝ፣ ከፍ አደረገኝ ደግሞ፣
መሪው ከጉልበቴ ዝቅ አለ ተሳልሞ፤
መስተዋቱ ጎንበስ፣ ግራውም፣ ቀኙም፣
የሚያየው መሬት ነው፣ መንገድ አያገኝም።

ማን ነው ይህ አጭር ሰው? ማን ነው ይህ ቅርብ ሰው፣
አገጩን መሪ ላይ ሊያስደግፍ የደረሰው?
የአጃ ዳቦ ሽታዬ ቆዳዋን ወርሶታል፣
ከሥሩ ግን የሌላ ሽቶ ይነሣል፣ ይተኛል።

ኪሷን በረበርኩት። ከመመሪያዋ ጥራዝ
አንድ የታጠፈ ወረቀት ሲመዘዝ፣
የቅጣት ደብዳቤ፣ «ሐሙስ» ነው የሚለው፤
በመቶ ሃያው መንገድ ሁለት መቶ ሠላሳ ነው!
ፎቶም አለበት፣ ጭጋግ የመሰለ፦
ነጭ ጸጉር፣ መነጽር፣ ከመሪው ጫፍ ያለ፣
ከዚያ ጥርስ። አሮጊት ናት። ትስቃለች።
ስሟን ውሃ በልቶታል። ሞተች? ወይስ አለች?
ልጆቿ ይሆናሉ ቁልፏን የቀሟት፣
«እማማ፣ ይበቃሻል» ብለው የሸጡባት።

ኢማንትስ «አጥፋት» ይላል፣ «ሦስት ሰከንድ አይፈጅም፤
ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።»
«ነገ» እለዋለሁ።
ሐሙስ ሐሙስ ግን፣ በሯን ወለል ከፍቼ፣
በረዶውን ስፍቅ፣ ወንበሩን ለሷ ትቼ፣
ሁለትን እጫናለሁ። መሪው ይወርዳል ለሷ፣
ዘይቱ ይሞቃል፣ ይረጋጋል ነፍሷ።
አምስት መቶ ፈረስ፣ ግልቢያ የለመደ፣
ዛሬ በሶምሶማ ዳቦ ቤት ወረደ።

ባለፈው ሐሙስ ስካይድሪቴ መጣች፣
ካፖርቷን ሰብስባ ገብታ ተቀመጠች።
ወንበሩን አልነካች። እግሯ ደረሰላት።
መሬት ያይ መስተዋት መንገዱን አሳያት።
እኔ መፋቂያዬን እንደያዝኩ ውጭ ቀረሁ።
«የግሮቢኛው መንገድ፣» አለችኝ ቆይታ፣
«ደርቋል እንዴ፣ ጌታ?»