እን□የ

ፊማ፣ የማተሚያ ቤቱ ጌታ፣
ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣና
«ይህቺ ሳጥን ምንድን ናት?» አለኝ።
የእናቴ ስም ናት አልኩት።

የሙት ዓመቷ መጥሪያ ነበር። ሁለት መቶ ቅጂ፣
ቂርያት ጋት፣ ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣
ዕብራይስጡ ከቀኝ እየመጣ፣ አማርኛው ከግራ፣
መሀል ላይ ሊሳሳሙ ሲሉ
እን□የ።

መኪናው ኰን አያውቃትም።
«በኮ ጻፋትና ተገላገል፤ ማን ልብ ይላል?» አለ የእህቴ ባል ባይህ።
እውነቱን ነው፤ ማንም።
እሷ ራሷ ስሟን አንብባ አታውቅም።
ስትጠራው ግን ከንፈሯ ይሰበሰብ ነበር፣
ትኩስ ነገር እፍ እንደሚል ሰው።
እዚህ አገር ሬሳ በከፈን ብቻ ነው የሚወርደው፤
ስሟን ለይቼ በሳጥን ልቅበረው?

ሌሊቱን ሁለት መቶ ጊዜ በእስክሪብቶ ሞላኋት።
አንዷ ኰ ካንዷ አትመስልም።
መቶ አርባኛዋ ላይ እጄ ዝሎ፣
እኔም መጠንቀቁን ትቼ፣
አማረች።
ያቺን ወረቀት ለማንም አልሰጠሁም።

ከዚያ ነው የጀመረው።
አንዲት ፊደል ብቻ መስላኝ ነበር።
ብቻዋን ስትቆም የሰው ቀሚስ የለበሰች ሙሽራ መሰለች፣
እንዳታፍር ከን ሠራሁላት፤
ከ ጎረቤት ፈለገች፣ በን ጠራሁላት፤
በ ያለ ሰ አልቀመጥ አለች፤
እንዲህ እንዲህ እያለ ሠላሳ ሦስቱም ከነልጆቻቸው
ሰባት ሰባት ሆነው ገቡ፣
ዲቃሎቹም ተከትለው።
ዲቃላ ነው የሚላቸው የፊደል ሰው።
ቤት አልነሣኋቸውም።

አባቴ ቀጥቃጭ ነበር።
ቡዳ ያሉት ሁሉ ማረሻቸውን ይዘው
ማታ ማታ ይመጡበት ነበር፤
«እዚህ ጡረተኛ ነው የሚሉኝ፣ ይሻላል» ይላል።
ፊደል አይለይም። ብረት ግን ያነባል።
በትከሻዬ ላይ ስክሪኑን አየና
ቀ ላይ ጣቱን ጣለ፦
«ይቺ ትሰበራለች። ራሷ ከባድ፣ እግሯ ሰንበሌጥ።»
ጠን አየ፦ «ጉልቻ ናት፤ ሦስተኛው አጥሯል፣ ድስት ይደፋል።»
ኰ ላይ ሲደርስ ዝም አለ።
ማን እንደሆነች አልነገርኩትም።
«ቀለበቷን አስፋት» አለ ቆይቶ፣
«ጠባብ ቀዳዳ ጥቀርሻ ይደፍነዋል።»
በማግስቱ የፊማ መኪና ቀለሙን ሲተፋ
እንዳለውም ቀለበቷ ጥቁር ነጥብ ሆና ወጣች።

ክረምቱ እንዲህ አለቀ፤
ቀን ቀን የዶሮና የቲማቲም ቅናሽ ማስታወቂያ፣
ሌሊት በፊደልና በፊደል መሀል ያለው ባዶ።
ባዶው ነው ያደከመኝ።
ዐ እና ወ፣ ክብ ከክብ፣ እንደ ጣውንት ተኰራርፈው ይርቃሉ፤
ለ እና በ፣ እግር ከእግር፣ ይረጋገጣሉ።
የዕብራይስጡ ውፍረት የተጋደመ ነው፣ የኛ የቆመ፤
አንዱ አልጋ፣ አንዱ ምሰሶ።
በክሊኒኩ ወረቀት አማርኛችን ከሁሉ በታች፣
ከሩሲያኛውም ሥር፣ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ነው የሚሄደው፤
ሽማግሌዎች የስኳር መድኃኒታቸውን መጠን
በአጉሊ መነጽር ያስሱበታል።
የኔን ሀ ከአሌፍ ትከሻ እኩል አደረግኋት፣
አንድ ፀጉር ሳላሳንስ።

በስምንተኛው ወር ፋይሉን ድንጋይ ጠራቢው ዘንድ ወሰድኩ።
ሐውልቷ ላይ ዕብራይስጥ ብቻ ነበር፤
ለግርጌው በምትሆን ትንሽ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ
መኪናው ሳይደናቀፍ
እንኰየ
ብሎ ጻፈ።

ከዝናብ በኋላ ከአባቴ ጋር ሄድን።
ምን እንደሚል አልጠየቀኝም፤
ድንጋዩን በጣቱ እየዳበሰ ሄዶ
ቀለበቷ ላይ ቆመ። ውሃ ቋጥራ ነበር፣
የዶቃ ታህል ሰማይ ውስጧ።
«አልተደፈነችም» አለ።

በአውቶቡስ ስንመለስ
ስለ ጠ ሦስተኛ እግር ተጨቃጨቅን።