ቀበቷችሁን ፍቱ

ደህና መጣችሁ። ሞተሩን አጥፉት፥ ጀልባው ገና ነው፤
የሚነሳው ጠዋት አራት ተኩል ላይ፥ ያውም ነፋሱ ደስ ካለው።
ትኬት ከእኔ ዘንድ ነው፤ ለመኪና ሌላ፥ ለሰው ሌላ ነው ሒሳቡ፤
ውሻ በነጻ ይሻገራል፥ ስሙን ግን እዚህ አስመዝግቡ።
ሽንት ቤቱ ከመጋዘኑ ጀርባ፥ ሃምሳ ሳንቲም ይበላል በሩ፤
ዝርዝር ካጣችሁ አበድራለሁ፥ ስትመለሱ አትሰወሩ።
ደሴቱ ላይ ባንክ የለም። ነዳጅ ማደያው አንድ ነው፥ እሁድ ይዘጋል።
በጢስ የደረቀ ዓሣ ከቫይከ ቤት ግዙ፤
አትከራከሯት፥ እሷ ዘንድ ክርክር ዋጋ ይጨምራል።

ምንድነው የያዛችሁት? አሳዩኝ እስቲ። አዬ፥ የድሮ መጽሐፍ፤
ገጽ መቶ አሥራ ሁለት፥ አንድ ቀይ መኪና ባሕር ላይ ሲያልፍ።
ከጎኑ ጥቁር ካፖርት የለበሰው፥ እጁን የዘረጋው ሰውዬ፥
እኔ ነኝ። ሂላር። ያኔ ጢም ነበረኝ፤ አትሳቁ በዕድሜዬ።
«የበረዶው መንገድ በየት በኩል ነው?» ልትሉኝ ነበር መሰለኝ፤
ዘንድሮ እናንተ አራተኛ ናችሁ በዚሁ መጽሐፍ የምትጠይቁኝ።

ነበረ፤ ሐሰት አይደለም። ከዚህ ምሰሶ እስከ ማዶው ደን፥
የኢስቶኒያ ብርድ ባሕሩን ጠርቦ ያደርገው ነበር አውራ ጎዳናችን።
ግራ ቀኙን በጥድ ቅርንጫፍ ምልክት አድርገን ስንጨርስ፥
እኔ በሩ ላይ ቆሜ፥ በየመኪናው መስኮት አጎንብሼ፦

ቀበቷችሁን ፍቱ።
(እንግዳ ሁሉ ይደነግጣል፤ የትም አገር ሕጉ «እሰሩ» ነው።)
እዚህ ፍቱ። ባሕሩ ድንገት አፉን ቢከፍት፥
ለመፍታት የሚታዘዝ ጣት አይገኝም በዚያች ሰዓት።
ወይ ቀስ በሉ፥ ከሃያ አምስት በታች፤ ወይ ፍጠኑ፥ ከአርባ በላይ፤
መሃሉን ተዉት፤ በዚያ ፍጥነት ከሥር ማዕበል ይወለዳል፥ ለዓይን ሳይታይ።
ከፊታችሁ ካለው መኪና ሩብ ኪሎሜትር ራቁ፤
ፎቶ ልናንሳ ብላችሁ አትቁሙ፤ በረዶ ላይ የቆመ ይከብዳል፥ እወቁ።
ፀሐይ ከጠለቀች በሩ ዝግ ነው፤ ሚኒስትር ቢመጣም አልከፍትም።

አንድ ሌሊት ብቻ ከፍቻለሁ። አዋላጇ ኡርቬ መጣች፥
በሌሊት ልብሷ ላይ ካፖርት ደርባ፤
«ክፈት» እንኳ አላለችም፤ መብራቷን ዓይኔ ላይ አበራች።
በሯን ገርበብ አድርጋ ነዳች፤ የኋላ መብራቷን በዓይኔ ተከተልኩ፤
መጀመሪያ ፍም፥ ቀጥሎ ክብሪት፥ ቀጥሎ ምንም።
እዚያው ቆሜ አደርኩ።
ሲነጋ ተመለሰች። መስኮቱን ዝቅ አድርጋ
«ሴት ናት፤ ሦስት ኪሎ ተኩል» አለችና አዛጋች።
ቅጣት ልጽፍባት ብዕሬን ሳወጣ፥
መሪው ላይ ተደፍታ እንቅልፍ ወስዷታል።

ያቺ ሕጻን ማርቪ ናት፤ ጀልባው ላይ ትኬታችሁን የምትቀድ፤
ባሕር ላይ ነድታ አታውቅም፤ መንጃ ፈቃድ ሳታወጣ ጠፋ ያ መንገድ።

አሁን ባሕሩ አይጠናም። ጥር ላይ፥ አንዳንድ ጠዋት፥
ስስ ቆዳ ያወጣል፥ ፈልቶ እንደ በረደ ወተት፤
እስከ ቀትር የለም።
እኔ ግን በየዓመቱ የበሩን ማጠፊያ ዘይት እቀባለሁ፤
በዱላዬ ዳር ዳሩን አንኳኳለሁ፤
«ማነው?» የሚለኝ የለም።

ጡሩምባው ተነፋ። በሉ ግቡ፥
ጀልባው ላይ ሕጉ ሌላ ነው፦ ማርሽ አስገቡ፥ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ።
ስልክ መሃል ላይ ይቋረጣል፤ ችግር ካለ ማርቪን ጥሩ።
መጽሐፉን አትጣሉት፤ ገጹን ብቻ እጠፉት።
ቀበቶ? እሱ እንደ ፍላጎታችሁ።
እኔ ስሻገር፥ እስከ ዛሬ፥
ከሥሬ ብረት እንዳለ እያወቅኩ፥
እፈታለሁ።

ሃምሳ ሳንቲሟን አትርሷት።