የበሩ ቁመት

አጣናው በያጁ፣ ጎንደር ሳሙና በር ያለው፣
ስንት የብረት መዝጊያ ሰቅሎ፣ ለስንቱ ባለፎቅ የዘጋው፣
ቀለሙ ሳይደርቅ ነው፣ ባለቤቱ የሚረሳው።

ራዲዮኑ ያወራል፣ ስለ ባሕር ማዶ፤
ገበሬው፣ ሾፌሩ፣ በከተሜው ነድዶ
ድምፁን ለተሳዳቢ፣ ሰጠ ይላል ፈቅዶ።
«እዚያም በር አለ በለኛ!» አለኝ ጭንብሉን ገልጦ፤
ሳቀ፤ ከዚያ ዝም አለ፣ የጋለው ብረት ላይ አፍጦ።

መስቀል አደባባይ እጩው፣ እጅጌውን ጠቅልሎ፣
«የሀብታም አጥር ይፍረስ! የእናንተው ልጅ ነኝ» ብሎ…
አጣናው መረጠው፤ በሌሊት ተሰልፎ፣
ለእኔም ወረፋ ይዞ፣ ድንጋይ ላይ አርፎ።

በሁለተኛው ሳምንት ያው ሰው፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣
«በር ሥራልኝ» አለው፣ «ከጎረቤቴ ይርዘም፣ ይስፋ»።
አጣናው ሜትር ዘረጋ፤
ምንም አላለም፤
ጥፍሩ ላይ የምርጫው ቀለም
ገና አልለቀቀም።