በእርሳስ

ሱቫ ላይ ዝናብ ነው፤ ትናንት ዘነበ፣ ነገም ይዘንባል፤
የሬጅስትራሩ ጣሪያ እንደ ታይፕ መኪና ቀን ሙሉ ይመታል።
እኔ ማናሳ ነኝ፤ ሃያ አንድ ዓመት በዚች ወንበር ላይ
በወረቀት ቁና ሰው ስሰፍር ኖርሁ፣ ፊቱን ሳላይ።

መስፈርቱ ግድግዳ ላይ ነው፤ በቃሌ ልበለው፦
በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚያመለክት ሰው
የመጀመሪያ ዲግሪ ይኑረው፣
አማካይ ውጤቱ ከሦስት ነጥብ የማያንስ፤
ሁለት የድጋፍ ደብዳቤ፣ ከመምህር ወይ ከአሠሪ የሚደርስ፤
አንድ ገጽ፣ «ለምን?» ለሚለው፣ በራሱ ቃል የተጻፈ፤
ቀኑም ያላለፈ።

የሴኒሚሊ ፖስታ በጭነት መርከብ መጣ፣ ከላው ደሴቶች፣
በኮፕራ ጆንያ መሃል፣ ከዓሣ ሣጥኖች፤
ሽታው ቀድሞት ገባ፤ አፍንጫቸውን ያዙ ጸሐፊዎች።
ትራንስክሪፕቱን ማዕበል አጥቦታል፣
ምንጣፍ ሥር ደርቋል፣ ማህተሙ ፈዟል።
ሁለት ነጥብ ስምንት።
ከሦስት የጎደለችው ሁለት አሥረኛ፣ አንዲት ቅንጣት።

አንዱ ደብዳቤ ከመምህሯ፤ ሌላው ከመርከብ ካፒቴን፦
«ራዲዮዬን ሦስቴ ጠግናለች፣ በወጀብ መሃል፣ ዋጋ ሳትጠይቀን።»
«ለምን?» ለሚለው ገጹ ተፈቅዶላት አራት መስመር ጻፈች፦

በመጨረሻው አውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያው ሱቫ ደረሰ።
እኛ ዘንድ የደረሰው ነፋሱ ነው።
መልእክቱ የት እንደቀረ ማወቅ እፈልጋለሁ።
ሌላ ምክንያት የለኝም።

እስክሪብቶዬን አነሳሁ። አስቀመጥሁ። ሻይ ጠጣሁ።
«አይቻልም» የሚለውን ማህተም በመዳፌ አሞቅሁ።
ከዚያ ኅዳጉ ላይ «ኮሚቴው ይየው» ብዬ በእርሳስ ጻፍሁ፤
በእርሳስ፣ የጠየቀኝ እንደሆን ልክድ።
እኔ እንዲህ ነኝ እንግዲህ፤ ድፍረቴ የሚሄደው በላጲስ መንገድ።

ሁለት ዓመት ተኩል ፈጀች። ዳታቤዝ፣ ኔትወርክ፣ የመረጃ ደኅንነት፣
የምርምር ዘዴ የሚሉት፣ ተማሪ ሁሉ የሚያንቀላፋበት።
አንዱን ኮርስ ወደቀች፤ ደግማ ወሰደች፤
ቀን ወደብ ላይ ጭነት ትመዘግባለች፣ ማታ ላብራቶሪ አለች።
ጫማዋ ደርቆ አላየሁም፤
ክፍያዋን በዝርዝር ሳንቲም ታመጣለች፤ ጎድሎ አያውቅም።

የመመረቂያ ሥራዋ አንዲት ሣጥን ናት፣
የዓሣ ማቀዝቀዣ የነበረች፣ አሁን ፀሐይ የሚቀልባት፤
ኔትወርኩ ሲሞት ቃል ታቀብላለች ከስልክ ወደ ስልክ፣
ከጎረቤት ጎረቤት እሳት እንደሚጫር ልክ።
የካቲት ላይ ነፋሱ እውነቱን መጣ፤
ከአርባ ሦስት ስልክ አርባ አንዱ ጮኸ፤ ሰው ወደ ኮረብታው ወጣ።

ፈታኞቹ አጨበጨቡ፤ «እጅግ በጣም ጥሩ» ብለው ፈረሙ።
ከመስፈርቱ ጎን ሌላ ወረቀት አለ፣ ቢጫ የሆነ ቀለሙ፦
የትምህርቱ ውጤት። ተመራቂው ውስብስብ ችግር ይተነትናል፤
ሥርዓት ይነድፋል፤ በቡድን ይሠራል፤
የሙያውን ሥነ ምግባር ይጠብቃል።
ይላል።
ያልጮኹ ሁለት ስልኮች እንቅልፍ እንደሚነሱ
የትኛው ተራ ቁጥር ላይ ነው? ፈለግሁ። የሉበትም እነሱ።

ለምረቃው አልመጣችም። በማግስቱ ፊቴ ቆመች፣ ውኃ እያንጠባጠበች፤
መስኮቴ ወደቡን ያያልና፣
ዲግሪዋን ሳይሆን የመርከቡን ሰዓት ጠየቀች።
«ሁለት ቤት ቀርቶኛል፤ አንዱ ከገደሉ ማዶ ነው።
ሌላው ለምን እንደቀረ አላውቅም።»
«ሰዎቹስ?» አልኋት።
«ተርፈዋል። በዕድላቸው። በእኔ አይደለም።»

ቀና ብዬ አየሁ። ፊቷን።
እኔ ለጎደለው ስል ልመልሳት የነበረውን፣
እሷ ለጎደለው ስትል ባሕር የምታቋርጠውን።
በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይላሉ፤
እኔ ተሰፈርሁ፤ ስንት እንደጎደልሁ ቁጥሮቼ ያውቃሉ።

መርከቡ ሐሙስ ሄደ። ዲግሪዋ መሳቢያዬ ውስጥ ነው፣
እርጥበት እንዳይነካው በላስቲክ የጠቀለልሁት እኔው።
ዝናቡ ይመታል። ጠረጴዛዬ ላይ አዲስ ፖስታ፣ ከሌላ ደሴት፤
ሁለት ነጥብ ሰባት።
እርሳሱን ገፋ አደረግሁት።
እስክሪብቶ አነሳሁ።