የአዋላጆቹ ስም

የዛሬው ንባብ የኔ ነው፤ መነጽሬን ጠርጌ ቆምኩ፣
«ኦሪት ዘጸአት፣ ምዕራፍ አንድ» አልኩ።
የጣሪያው ቬንትሌተር ገጹን አላስቀምጥ አለ፣
አውራ ጣቴን ጫንኩበት፤ ትንሽ ተደላደለ።
ንጉሡ አዋላጆቹን «ወንዱን ግደሉ» ሲል፣
የአንዲቱ ስም ሲፓራ፣ የሁለተኛይቱ ፉሐ፣ እስከሚል —
እዚያ ላይ ድምፄ ቆመ።
ምእመኑ በየወንበሩ «ዐይኑ ነው» ብሎ ደመደመ።

ዐይኔስ ደህና ነው።
ያየሁት ነው።

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ። ቀፊራ ማዶ፣ የጫት ነጋዴው ግቢ፣
ዘበኛ ነበርኩ፤ ያዘዙኝን ዘጊ፣ ያዘዙኝን አስገቢ።
ኢፍቱ ልብስ አጣቢዋ፣ ከጋራ ሙለታ የመጣች፣
ሃያ ሁለት ዓመቷ፤ ቀሚሷን ከፊት ስታወርድ፣ ስታወርድ ባጀች።
አባቱን ግቢው ያውቃል። የጠየቀ የለም።
«ወይ ጣይው፣ ወይ ውጪ» አሏት፤ የሦስት ወር ደመወዟም አልተከፈለም።

ፈርዖን ሁሌ ዘውድ አይደፋ፤
ሽርጥ አገልድሞ፣ በርጫው ላይ፣ ጉንጩን በቅጠል ሲያሰፋ፣
ቀና እንኳ ሳይል ያዛል። የራሱን እጅ አያነሣም።
እጅ ሞልቷል። የኔ አለ።
መቀርቀሪያውን ስስብ አልተንቀጠቀጠም።

ማታ በሐረር በኩል ጋራው ጠቁሯል፤ እኛ ጋ ጠብታ የለም።
ደቻቱ አሸዋ ነው፣ የኳስ ሜዳ ነው፤ ሲመጣ ግን አያስፈቅድም።
ምጡ እዚያ ያዛት።
ፊሎሜና ናት ያገኘቻት —
የቁምስናው ክሊኒክ አዋላጅ፣ በግራ እግሯ የምታነክስ፣
መቁጠሪያና መቀስ የምትይዝ ባንድ ኪስ።
ማን ነገራት? እኔ ብሆን በወደድሁ። አይደለሁም።
በጋሪ አወጣቻት፤ ውሃው ድንጋይ እያንከባለለ ሲደርስ
አሸዋው ላይ ማንም የለም።

ጧት ጌታዬ ላከኝ፦ «ወልዳ እንደሁ ጠይቅ።»
ፊሎሜና ደጁን ሞልታ ቆማለች፣ እጇ ሳሙና ሳሙና ይላል።
«የገጠር ሴት ብርቱ ናት» አለችኝ፣ «ሳልደርስባት ወልዳ ሄደች።»
ከመጋረጃው ወዲያ አንድ ነገር እንደ ድመት ግልገል አለቀሰ።
ሰማሁ። መስማቴን አየች።
ተመልሼ «የሉም» አልኩት።

ኑዛዜ ስገባ ይህን ውሸት ቆጥሬ አላውቅም፤
በሩን ግን በየፋሲካው እቆጥራለሁ፣ ገና አልጨረስኩም።

ዛሬ በጣቴ ፈለግሁ፦ የዚያ ንጉሥ ስሙ ማነው?
ፊቶምንና ራምሴን ያሠራ፣ ጡብ ያስቆጠረ ሰው፣
ገጹ ላይ «ንጉሥ» ብቻ ነው።
ሁለቱ ሴቶች በስማቸው ተጠርተዋል።
አባ ከመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ «ቀጥል» ማለታቸው ይመስላል።

«አዋላጆቹም እግዚአብሔርን ስለ ፈሩ ቤቶችን አደረገላቸው።»

ፊሎሜና ፊት ወንበር ላይ አንቀላፍታለች።
ቤት የላትም፤ ለገሃሬ የኪራይ ክፍል ነው ያላት፣ ጣሪያው የሚያፈስ።
ክርኗን ይዛ ያመጣቻት ልጅ፣ ሒጃቧ ሰማያዊ፣
ከእንቅልፏ ሳትቀሰቅሳት
የተንሸራተተ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ትመልሳለች።

«የእግዚአብሔር ቃል ነው» አልኩ።
አውራ ጣቴን አነሣሁ፤
ቬንትሌተሩ ገጹን ገለበጠው።